ጎተራው ከሕጉ ቀደመ፦ የብራዚል ገበሬዎችና የአገር በቀል ዘር ፖሊሲ

ድርቅ በሚፈራረቅበት የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ በፓራይባ ግዛት፣ ገበሬዎች ከወላጆቻቸው የወረሱትን የበቆሎና የቦሎቄ ዘር በመንደር የዘር ባንክ ያኖራሉ። ዘር ያለቀበት ይበደራል፤ ሲያመርት ጨምሮ ይመልሳል። መንግሥት የሚያድለው ምርጥ ዘር ግን ዓይነቱ ጥቂት ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ አጭር በሆነበት አገር የዘገየ ዘር ከንቱ ነው።

ከመዘግየቱ የከፋው ግን የዚያን ጊዜው የዘር ሕግ ነበር። ያልተመዘገበውን የገበሬ ዘር እንደ ተራ እህል ቆጥሮ ከመንግሥት መርሐ ግብር አስቀርቶታል። በደቡብ ብራዚል መሬት አልባ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባዮናቱር የተባለ የዘር አምራች ድርጅት አቋቋሙ፤ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ በ1999 አሳ የተሰኘው የማኅበራት ጥምረት ተመሠረተ። ንቅናቄዎቹ ወደ ሕግ አውጪዎች የሄዱት ሙሉ ጎተራ ይዘው ነው፤ ለእኔ የጥንካሬያቸው ምንጭ ይህ ነው። ፓራይባ በ2002 የመንደር የዘር ባንኮችን በሕግ ስታውቅ ባንኮቹ ሥራ ከጀመሩ ቆይተው ነበር።

ትልቁ ድል በ2003 የወጣው የፌዴራል የዘር ሕግ ቁጥር 10.711 ነው። አገር በቀል ዝርያዎችን ከምዝገባ ግዴታ ነፃ አወጣ፤ የቤተሰብ ገበሬዎችና ነባር ሕዝቦች ዘር አባዝተው እርስ በርስ እንዲለዋወጡና እንዲሸጡ ፈቀደ። በተጨማሪም እነዚህን ዝርያዎች ከመንግሥት የብድርና የዘር ዕደላ መርሐ ግብሮች ማግለልን ከለከለ። የእኛም የኢትዮጵያ የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አነስተኛ ገበሬዎች የሚለዋወጡትን ዘር ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎት ነበር፤ የብራዚሉ ግን ከፈቃድ አልፎ መንግሥትንም ያስገድዳል።

ሕግ ያለ ገንዘብ ብዙ አይራመድም። በዚያው በ2003 የተጀመረው የመንግሥት የምግብ ግዢ መርሐ ግብር ከቤተሰብ ገበሬዎች ዘርም መግዛት ቻለ፤ በ2014 ለዘር ግዢ ራሱን የቻለ ዘርፍ ተከፈተለት። በ2011 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ሴቶች ወደ ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ሰልፍ ወጡ፤ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በ2012 ብሔራዊ የሥነ ምህዳራዊ ግብርና ፖሊሲ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የግዢው በጀት እያሽቆለቆለ ሄዶ መርሐ ግብሩ በ2021 በሌላ ተተካ፤ በ2023 ተመለሰ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ገበሬው አብሮ ይናወጣል።

ዛሬ የሚያሰጋው ልውጠ ሕያው፣ ማለትም ዘረ መሉ የተለወጠ፣ በቆሎ ነው። በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነውና የጎረቤት ማሳ ብናኝ የዘመናትን ምርጫ ይበርዛል። በ2007 የወጣው የብራዚል ደንብ በልውጡና ባልተለወጠው በቆሎ ማሳ መካከል እንዲኖር የጠየቀው ርቀት 100 ሜትር ብቻ ነው፤ ድንበር የሚሆን ያልተለወጠ በቆሎ በመሃል ከተዘራ 20 ሜትርም ይበቃል ይላል። ይህ አይበቃም። ርቀቱ ሊሰፋ ይገባል፤ ዘሩ መበረዝ አለመበረዙን የሚያጣራውን ምርመራ ወጪም መሸከም ያለበት ልውጡን ዘር የሚሸጠው ኩባንያ እንጂ ዘሩን የጠበቀው ገበሬ አይደለም።