የካርቱን ሥዕል ከጦርነት በኋላ፦ ጥያቄው ከዋግ ኽምራ ሲታይ

ፖለቲካዊ ካርቱን፣ ማለትም የአደባባይን ሰው ወይም ጉዳይ አጋንኖ በመሣል የሚተች ሥዕል፣ ከእርስ በርስ ጦርነት በወጣ አገር ምን ያህል ነጻ ይሁን የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ደርግ በግንቦት 1983 ከወደቀ በኋላ የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን፣ ይኸውም ከኅትመት በፊት የሚደረገውን የመንግሥት ምርመራ፣ ስላስቀረ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በዙ፤ ባለሥልጣንን በሥዕል መተቸትም አብሮ ተለመደ። ከምርጫ 97 በኋላ ግን ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ዛሬ ካርቱን በአብዛኛው የሚዛመተው በስልክ ነው።

ጥያቄው በአማራ ክልል በሚገኘው በዋግ ኽምራ ዞን ይከብዳል። የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ በትግራይ ኃይሎች እጅ የቆየች፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉትንም ያስጠለለች ከተማ ናት። አበርገሌ የሚባል ወረዳ በአማራም በትግራይም ክልል መኖሩ እንደሚያሳየው፣ የጦርነቱ መስመር ያለፈው በአንድ ስም በሚጠሩ ጎረቤታሞች መካከል ነው። ስለዚህ አንድን ሕዝብ በጅምላ አውሬ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ፊደል ላልቆጠረውም ስለሚገባው፣ የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ያስቆመው ጠላትነት በሰው ልብ ውስጥ እንዲቀጥል ያደርጋል።

የአሜሪካው ካርቱኒስት ቶማስ ናስት ታሪክ አደጋውን ያስረዳል። ናስት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃበት በ1865 (እ.ኤ.አ.) ለኅብረቱ (ለሰሜኑ) ጦር ሲዋጋ አንድ እግሩን ያጣ ጥቁር ወታደር በምርኩዝ ቆሞ ሥሎ፣ ይህ ሰው የመምረጥ መብት እንዴት ይነፈጋል ሲል ጠይቋል፤ በ1876 ግን ያው እጅ ነጻ የወጣውን ጥቁርና የአየርላንድ ተወላጁን፣ መልካቸውን አበላሽቶ፣ በሚዛን ላይ አስቀምጦ የመሃይም መራጭ ምሳሌ አደረጋቸው። መጀመሪያ የተሣለው ክብር ያለው አንድ ሰው ነበር፤ ኋላ የተሣለው መሳለቂያ የሆነ ወገን ነው።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋተኛውን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲቀጣ፣ የፖለቲካ ትችትንና የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ልዩነቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ጦርነት የመራውን፣ እርዳታ ያዘገየውን፣ ተፈናቃዩን የረሳውን ባለሥልጣን በሥራው መሣል የተጎጂው መብት ሲሆን፣ ጎረቤትን በትውልዱ መሣል ግን ተጠያቂውን ከሕዝቡ ጀርባ መደበቅ ነው። ካርቱኒስቱ ስምና ሥልጣን ያለውን ሰው እስከሣለ ድረስ ሕግም አንባቢም ሊጠብቁት ይገባል።