የአፈር ባክቴሪያና የጨዋማ መሬት ሰብል

ዛሬ እዚህ ጉርድ ሾላ ተሰባስበን የምንመክርበት ችግር ጎልቶ የሚታየው በአፋር፣ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በሚገኝበት በአሚባራ ነው። በመስኖ የለማው መሬት በቂ የማፋሰሻ ቦይ ስላልነበረው የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ወጣ፤ ውኃው ሲተን ጨው በአፈሩ ገጽ ቀረ። ብዙ የጥጥ ማሳም ጦም አደረ።

ጨው ሥሩ ውኃ እንዳይስብ ያግዳል፤ ሶዲየምም በቅጠሉ ተከማችቶ ተክሉን ይጎዳል። የተጨነቀው ተክል ኤትሊን የተባለውን ሆርሞን ሲያበዛ የሥሩ ዕድገት ይገታል።

በሥር ዙሪያ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ተክሉ ኤትሊን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ሰባብረው ይመገቡታል፤ ሆርሞኑም ይቀንሳል፤ ሥሩም ማደጉን ይቀጥላል። ሌሎች ሙጫ መሰል ነገር አመንጭተው ሶዲየሙን ከሥሩ ውጭ ይይዙታል።

ሆኖም አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። ባክቴሪያ ተክሉ ጨውን እንዲችል ይረዳል እንጂ ጨውን ከመሬት አያስወግድም። ጨውን የሚያስወግደው አፈሩን አጥቦ በቦይ የሚወጣ ውኃ ነው። ቦይ ሳይቆፈር በባክቴሪያ ብቻ ብንታመን የምናተርፈው ጥቂት የምርት ዘመን ነው፤ ጨው ግን መከማቸቱን አያቆምም።