አካል ጉዳትን በሚመለከቱ ስያሜዎች የባዕድ መድረሻዎች ድርሻ

የመንዝን ጓሳ ያየ ሰው ሣሩ ስሙን ለምድሩ እንደ ሰጠ ያስተውላል። ቋንቋችንም አንድ ነገር የበዛበትን ቦታ በነገሩ ይጠራል፤ ድንጋይ የበዛበትን «ድንጋያማ»፣ ጓሳ የሸፈነውን «ጓሳማ» እንላለን። በመልክም በትርጉምም ለዚህ የሚቀርበው «-ኣም» ደግሞ ለሰው ይነገራል፤ ሀብታም፣ ጠጉራም፣ ቁስላም፣ ለምጻም። «ሀብታም» እንደሚመሰክረው መድረሻው በራሱ ስድብ አይደለም። ነገር ግን ሣሩ ምድሩን እንደሚሸፍን፣ በ«ለምጻም» ውስጥ ለምጹ ሰውየውን ይሸፍነዋል።

«ጉዳተኛ» የተሠራው በሌላ መድረሻ ነው። «-ኧኛ» ፈረሰኛን፣ እውነተኛን፣ እስረኛንና በሽተኛን ያስገኘ ሲሆን፣ ሥራን፣ ጠባይን ወይም ሁኔታን የሰው መጠሪያ ያደርጋል። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ሕጋዊ ስያሜ ሆኖ ይገኛል። አላዋቂነትንም ጭምር ከሚያመለክተው «ደንቆሮ» ዓይነት ቃል እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጉዳቱ መጠሪያ ሲሆን «ሰው» የሚለው ቃል ይቀራል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በእንግሊዝኛው ሰውን አስቀድሞ ጉዳቱን ያስከትላል። ይህን ሐሳብ ለመጠበቅ የሚሻ ተርጓሚ «ጉዳት ያለበት ሰው» ቢል፣ «-በት» ዕዳ ያለበትንና ክስ ያለበትን ያስታውሳል፤ ሸክምን ያመለክታልና። ርስት ያለው፣ ልጅ ያለው እንደምንል «ጉዳት ያለው ሰው» ቢል ደግሞ፣ «ጉዳት ያለው መድኃኒት» እንደሚባለው፣ ሰውየው ጎጂ ነው ወደሚል ትርጉም ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ መድረሻ ፋንታ ሌላውን መተካት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

«ማየት የተሳነው» በሚለው ሐረግ ባለቤቱ «ማየት» ነው፤ «-ው» የሚያመለክተው ሰው ተሳቢ ነው። ስለሆነም የሚነገረው ስላልተቻለው ነገር እንጂ ስለ ሰውየው ባሕርይ አይደለም። «የተሳናቸው» ግን ብዙ ሰዎችንም አንድ የተከበረ ሰውንም ስለሚያመለክት፣ በሕግ ጽሑፍ ቍጥሩ በሌላ ቃል መገለጽ አለበት። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በስሙ የያዘው «ዓይነ ስውር» ከግእዝ የመጣ ጥምር ሲሆን፣ ስውርነቱን በዓይን ብቻ ይወስነዋል።

በእኛ አስተያየት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንዲህ ያሉ ቃላትን ሲፈቱ የሥሩን ትርጉም ብቻ ሳይሆን የመድረሻውንም ጠባይ ቢያመለክቱ፣ የስያሜው ባለቤቶች ራሳቸውን የሚጠሩበትንም ቃል ቢያስቀድሙ ይበጃል። ሥሩ ታርሞ መድረሻው ሳይመረመር የሚቀር ስያሜ፣ ግማሽ የታረመ ስያሜ ነው።