የሀብል አቅጣጫ ጠባቂዎች

ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ስሙ የሚነሣው በፎቶዎቹ ነው። እኔን የሚያስደንቁኝ ግን አቅጣጫውን የሚጠብቁለት ሦስቱ መሪ ሴንሰሮች ናቸው። ቴሌስኮፑ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ አንዲት ነጥብ ላይ ዓይኑን ተክሎ መቆየት አለበት። የሚፈቀድለት መወዛወዝ 0.007 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲለካ ይህ ስሕተት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው የሚፈልገውን ኮከብ የሚናገረው ሰማይን እንደ ምድር በኬክሮስና በኬንትሮስ በሚከፍለው ሥርዓት ነው። ቴሌስኮፑ የሚያውቀው ደግሞ የራሱን አካል ዘንጎች ነው፤ ቪ1 በቱቦው ርዝመት ወደሚያይበት አቅጣጫ ያመራል፣ ቪ2 እና ቪ3 ለእሱ ቀጤ ነክ ናቸው። ሁለቱን ለማገናኘት አንዱ ሴንሰር የሚከታተለው አንድ መሪ ኮከብ አይበቃም፤ ቴሌስኮፑ ኮከቡን ሳይለቅ በዙሪያው ሊሽከረከር ይችላልና። ስለዚህ ሁለተኛው ሴንሰር ሌላ ኮከብ ይይዛል።

የሴንሰሩ የራሱ ሥርዓት ከሁሉም ይለያል። በእይታው ጠርዝ ላይ ካለው ሰፊ ቅስት በአንድ ጊዜ የሚያየው 5 በ5 አርክ ሰከንድ የሆነች መስኮት ብቻ ነው። መስኮቷን እንደ ትከሻና ክርን ተያይዘው የሚዞሩ ሁለት ክፍሎች ወደ ኮከቡ ይወስዷታል። ሴንሰሩ ታዲያ «ወደ ቀኝ ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ያን ያህል» አይልም፤ የሚሰጠው ሁለት የመዞሪያ ማዕዘኖች ነው። ከማዕዘኖቹ ወደ ቪ2 እና ቪ3 ሲሻገር የመስተዋቶቹ መዛባት አብሮ መታረም አለበት። ተመራማሪዎች ይህን መዛባት የለኩት ኤም35 የተባለውን የከዋክብት ክምችት ቴሌስኮፑን እያዞሩና እያንሸራተቱ ደጋግመው በማየት ነው። የሴንሰሩ ውስጣዊ አካል ጠፈር ላይ ቀስ በቀስ ቅርጹን ስለሚቀይር ልኬቱን ማደስ ግድ ይላል።

ፍጥነቱ ራሱም ያሳስታል። ሀብል በምህዋሩ ሲሮጥ ኮከቡ ከእውነተኛ ቦታው እስከ 5 አርክ ሰከንድ ተንሸራቶ ይታያል፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ መጓዟ ደግሞ እስከ 20 የሚደርስ ይጨምራል። መንሸራተቱ በእይታው ሜዳ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ሁለቱ መሪ ኮከቦች የየራሳቸው እርማት ያስፈልጋቸዋል።

ሁለቱ ሲመሩ ሦስተኛው ሴንሰር ነፃ ስለሚሆን የከዋክብትን ቦታ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታወጀው ግሊዝ 876 የተባለው ኮከብ የአንዲት ፕላኔት ክብደት የተገኘው፣ ፕላኔቷ በስበቷ ኮከቧን ስትጎትት የሚታየውን እጅግ ጥቃቅን ውዝዋዜ በዚህ መንገድ በመለካት ነው።