የሳንባ ሕመም ፍንጭ ከአንጀት

በ1967 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ዊሊያም ኖርዝዌይና ባልደረቦቻቸው አዲስ ሕመም ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ። ያለጊዜያቸው ተወልደው በመተንፈሻ መሣሪያና በብዙ ኦክስጅን የተረፉ ሕፃናት ሳንባቸው ተጎድቶ ነበር። ሕመሙ ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዢያ፣ ባጭሩ ቢፒዲ ይባላል።

ከ28 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሳንባው የአየር ከረጢቶቹን ሠርቶ አልጨረሰም። ነፍሱን የሚያተርፉለት ኦክስጅንና መሣሪያ ያንኑ ለጋ አካል ይጎዱታል፤ ከረጢቶቹም በቁጥር አንሰው ይቀራሉ። የእርግዝናው ጊዜ ተደምሮ 36 ሳምንት ሲሞላው ከኦክስጅን ካልተላቀቀ ቢፒዲ ይዞታል ይባላል።

ሆኖም በአንድ የእርግዝና ሳምንት፣ በእኩል ክብደት ከተወለዱ ሁለት ሕፃናት አንዱ ድኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌላው ከኦክስጅን ቱቦው አይላቀቅም። ለምን? ተመራማሪዎች መልሱን ከዳይፐር ውስጥ መፈለግ ጀምረዋል።

በአንጀት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን የሕፃኑን የመከላከያ ሴሎች ያሠለጥናሉ። በ2017 የወጣ ጥናት ይህን በአይጦች አሳይቷል። እናቶቻቸው አንቲባዮቲክ በወሰዱ ግልገሎች ሳንባ ውስጥ ዘብ የሚቆሙ ሴሎች ቀነሱ፤ ግልገሎቹም የሳንባ ምች መቋቋም ተሳናቸው። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲመለሱላቸው አቅማቸው አገገመ።

በሌላ የአሜሪካ ጥናት የ147 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ዓይነ ምድር ተመረመረ። በኋላ ቢፒዲ የያዛቸው ሕፃናት ገና በሁለተኛው ሳምንታቸው የአንጀታቸው ፈንገሶች ስብስብ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። የእነዚህ ሕፃናት ተሕዋስያን ለአይጦች ሲሰጡ ደግሞ የግልገሎቻቸው የሳንባ ጉዳት ባሰ።

ታዲያ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን በጠብታ መስጠት አይቻልም? ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል። በ2023 አንድ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እንዲህ ያለ ፕሮባዮቲክ ከተሰጠው በኋላ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶ ሕይወቱ አለፈ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ሐኪሞችን አስጠነቀቀ።

ዛሬ በእጅ ያለው መንገድ ቀለል ያለ ነው። የእናት ጡት ወተት የቢፒዲን አደጋ ከመቀነስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በውስጡ ያለው ልዩ ስኳርም ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይመግባል። ጡት ለመሳብ አቅም ላላገኘ ሕፃን እናቱ ያለበችው እንገር በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያለ ጉንጩ ውስጥ ይደረግለታል። አንቲባዮቲክ የተጀመረለት ሕፃንም የደም ምርመራው ከኢንፌክሽን ነፃ መሆኑን ሲያሳይና ሁኔታው ሲፈቅድ፣ ሐኪሞች መድኃኒቱን ሳይዘገዩ ያቆሙለታል።