ስክሪፕት የትም ይሠራል? ስለ ሞጁሎችና ፕሮሰሰሮች ተረትና እውነታ

እንበልና ጎጃም ውስጥ ባለው ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ስካን የተደረጉ የአማርኛ ጽሑፎችን አንብቦ የሚፈልግ አነስተኛ ሰርቨር ይተከል ተባለ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ራስቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። ፕሮግራሙ የሚጻፈው ግን ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ፣ በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ነው። የራስቤሪ ፓይ ፕሮሰሰር ደግሞ አርም ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የከረመው ፕሮግራም ቦታው ሲደርስ አልነሳ ይላል። አማዞን በ2018 እ.ኤ.አ. ግራቪቶን የተባለውን የአርም ሰርቨር ፕሮሰሰር፣ አፕል ደግሞ በ2020 ኤም1 ላፕቶፕን ካወጡ ወዲህ ይህ ችግር የትልልቅ ድርጅቶችም ሆኗል። ከችግሩ ጋር አብረው የሚነገሩትን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ፓይተንና ፐርል ኮምፓይል አይደረጉም፤ ስለዚህ የትም ይሠራሉ።»

እውነታው፦ እኛ የጻፍነው ፋይል እርግጥም የትም ይሠራል። ችግሩ ያለው የምንጠራቸው ሞጁሎች ዘንድ ነው። ቁጥር የሚያሰላው ነምፓይና ምስል የሚከፍተው ፒሎ ፍጥነት የሚጠይቀው ክፍላቸው በሲ ተጽፎ ወደ አንድ ፕሮሰሰር ትእዛዝ የተለወጠ ነው። ከእኛው ፊደል ታሪክም ምሳሌ አለ። ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደል የተለያዩ አጻጻፎችን ለመለዋወጥ የሠራው ሊብኤት የተባለ ላይብረሪ በሲ የተጻፈ ነው፤ ከፐርል ጋር የሚያገናኘው ሞጁልም በየማሽኑ ዓይነት ኮምፓይል መደረግ ነበረበት። እሱው የሠራው ሬጀክስፕ ኢትዮፒክ የተባለው ሞጁል ግን ከዳር እስከ ዳር ፐርል ስለሆነ ኮፒ ማድረግ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ቋንቋው ምንድን ነው ሳይሆን ሞጁሉ ውስጥ የሲ ኮድ አለ ወይ ነው።

ተረት 2፦ «ሁለቱም ሊኑክስ፣ ሁለቱም 64 ቢት ናቸው፤ ፎልደሩን በፍላሽ መውሰድ ይበቃል።»

እውነታው፦ 64 ቢት መሆን ቋንቋ መጋራት አይደለም። በሊኑክስ ላይ ኮምፓይል የተደረገ ማንኛውም ፋይል የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶቹ 127፣ 69፣ 76፣ 70 ናቸው። የማሽኑ ዓይነት የሚጻፈው 19ኛው ባይት ላይ ነው፦ በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት 62፣ በአርም 64 ቢት 183። በዚህ ባይት የሚለያይ ፋይል አይጫንም።

ግራ የሚያጋባው የስሕተቱ መልእክት ነው። ፓይተን የሞጁሉ ፋይል ስም ላይ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ይጽፋል፤ አርም ላይ ያለው ፓይተን የኢንቴል ስም የተጻፈበትን ፋይል ሲያገኝ እንዳላየ ያልፈውና «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ይላል። ፋይሉ ግን ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስሙን ቀይሮ ሊያታልለው የሞከረ ሰው ደግሞ ሊኑክስ ራሱ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ተረት 3፦ «ዩኔም አርም 64 ብሎ ከመለሰ ነገሩ አለቀ።»

እውነታው፦ ዩኔም የተባለው ትእዛዝ የሚናገረው ስለ ከርነሉ፣ ማለትም ስለ ሲስተሙ እምብርት ነው። ራስቤሪ ፓይ ላይ ከርነሉ 64 ቢት ሆኖ ፓይተንና ሌሎቹ ፕሮግራሞች ግን 32 ቢት የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ 64 ቢቱ የራስቤሪ ፓይ ሲስተም በይፋ የወጣው ገና በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። እውነቱን የሚናገረው «ጌትኮንፍ ሎንግ ቢት» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ 32 ካለ የ64 ቢት ሞጁል አይጠቅምም።

ተረት 4፦ «ፕሮሰሰሩ ሲቀየር የአማርኛው ጽሑፍ ይበላሻል።»

እውነታው፦ ጽሑፍ መረጃ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። «ዲማ» የሚለው ቃል በዩቲኤፍ 8 ስድስት ባይት ነው፦ 225፣ 139፣ 178፣ ከዚያም 225፣ 136፣ 155። ኢንቴል ላይም አርም ላይም አንድ ነው። ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴሰራክትም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል፦ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ፕሮግራም ለአርም የተሠራ መሆን አለበት፤ አማርኛ የሚያነብበት የሥልጠና ፋይል ግን እንዳለ ይወሰዳል።

ተረት 5፦ «የአርም ኮምፓይለር ላፕቶፑ ላይ መጫን ብቻ በቂ ነው።»

እውነታው፦ ኮምፓይለሩ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ሞጁል ሲሠራ ፓይተንም ፐርልም ራሳቸው ኮምፓይል የተደረጉበትን ቅንብር ያቀርባሉ፤ ያ ቅንብር የላፕቶፑ ነው። ትክክለኛ ኮምፓይለር ከተሳሳቱ ላይብረሪዎች ጋር ይገናኝና ሥራው መሐል ላይ ይሰናከላል። ብዙ ባለሙያ የሚመርጠው መንገድ የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ለሌላው በሚተረጉመው ኪውኢሙ አማካይነት ሙሉ የአርም ሊኑክስን በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ማስነሳት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ፓይተን አርም ላይ ያለ ስለሚመስለው ቅንብሩ የተስተካከለ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ እየተተረጎመ ስለሚሄድ ሥራው በጣም ይጓተታል። ራሱ ራስቤሪ ፓዩ ላይ ኮምፓይል ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ብቻ ያለው ፓይ ትልቅ ሞጁል ሲገጥመው ሚሞሪው ሊያልቅበት ይችላል።

ተረት 6፦ «ስለዚህ ሁሉንም ራሳችን ኮምፓይል ማድረግ አለብን።»

እውነታው፦ አብዛኛው አስቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጧል። ታዋቂዎቹ የፓይተን ሞጁሎች ለአርም 64 ቢት ዝግጁ ሆነው ይገኛሉ፤ ለ32 ቢቱ ራስቤሪ ፓይ ደግሞ ፓይዊልስ የተባለ ማከማቻ አለ። ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፦ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ ፕላትፎርሙን «ሜኒሊኑክስ 2014» የአርም 64፣ የፓይተኑንም ቨርዥን የመዳረሻውን አድርጎ ማውረድ፣ ከዚያ በፍላሽ ወስዶ መጫን ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሜኒሊኑክስ 2014 ጂሊብሲ የተባለውን የሲ ላይብረሪ፣ ቨርዥን 2.17 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ አልፓይን ሊኑክስ ደግሞ መስል የተባለ ሌላ ላይብረሪ ስለሚጠቀም የራሱ ዓይነት ሞጁል ያስፈልገዋል።

በአጭሩ፣ ስክሪፕቱንና መረጃውን ኮፒ ያድርጉ፤ ሞጁሉን ግን ለመዳረሻው ማሽን እንደ አዲስ ያዘጋጁ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት አራት ነገር ይጻፉ፦ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የፕሮግራሞቹን ቢት፣ የሲ ላይብረሪውንና የፓይተኑን ቨርዥን። ከዚያም እያንዳንዱን ሞጁል በኪውኢሙ ላይ አንድ ጊዜ «ኢምፖርት» አድርገው ይሞክሩት። እዚያ ያልተነሳ ሞጁል ቦታው ላይም ላይነሳ ይችላል።