ፍጥነት በዋጋ፣ መዘግየት በምርቃት

በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ በምትገኘውና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ጋርላንድ ከተማ፣ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት በሁለት ዓመት ውስጥ የቤታቸውን የኢንተርኔት ጥቅል ሦስት ጊዜ አሳድገዋል። ምክንያቱ የ15 ዓመት ልጃቸው ነው። ልጁ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ሲጫወት፣ ሁሉም ነገር ደህና ሲሄድ ቆይቶ ምስሉ ድንገት ቀጥ ይላል። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ልጁ ራሱን ተገድሎ ያገኘዋል። ተጫዋቾች ይህን «ላግ» ይሉታል። አባትየው ለኬብል ኩባንያው በደወሉ ቁጥር የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፤ ከፍ ያለውን ጥቅል ይግዙ። ገዙ። የወር ሒሳባቸው ጨመረ፤ ላጉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። የኬብል ኩባንያዎች ሸቀጣቸውን የሚሸጡት በሜጋቢት እየለኩ ሲሆን፣ ሜጋቢት የሚናገረው በአንድ ሰከንድ ምን ያህል መረጃ በመስመሩ እንደሚያልፍ ነው። የተለመደ የኢንተርኔት ጨዋታ ግን ከአንድ ሜጋቢት ያነሰ ይበቃዋል። ለጨዋታ ወሳኙ እያንዳንዷ ትንሽ መልእክት ደርሳ ለመመለስ የምትፈጀው ጊዜ ነው። ይህም የሚለካው በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። «ቫሎራንት» የተባለውን ጨዋታ የሚመራው ኮምፒዩተር የተጫዋቾቹን ሁኔታ በሰከንድ 128 ጊዜ ያሰላል። የአንድ ተጫዋች መልእክት ሩብ ሰከንድ ከዘገየ፣ ጨዋታው 32 ጊዜ ያለ እሱ ተሰልቷል ማለት ነው። ሜጋቢት እንደ ኩንታል ነው፤ የጭነቱን መጠን እንጂ ጭነቱ ቤት የሚደርስበትን ሰዓት አይናገርም።

መዘግየቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሰልፍ ነው። የኬብል መስመር መጀመሪያ የተዘረጋው ቴሌቪዥን ለማስተላለፍ በመሆኑ፣ ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ሰፊ፣ ከቤት የሚወጣው ጠባብ ሆኖ ቀረ። በሰሜን አሜሪካ ለመውጫው ለረጅም ዘመን ተመድቦ የነበረው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለው ቀጭን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ 400 ሜጋቢት የሚያስገባ ጥቅል የሚያወጣው 20 ወይም 10 ብቻ ሊሆን ይችላል። እናት ከሥራ ስትመለስ ስልኳ የቤቱን ዋይፋይ እንዳገኘ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ማከማቻ መላክ ይጀምራል። ሞደሙ ወዲያው ማሳለፍ ያልቻለውን አይጥልም፤ በማስታወሻው ውስጥ ያሰልፈዋል። 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ ሰልፍ በ10 ሜጋቢት መውጫ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። የልጁ መልእክት ምንም ያህል ብታንስ ከኋላ ትሰለፋለች። አንድ ኪሎ ሽሮ ይዞ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው፣ አሥር ኩንታል ከሚያስፈጭ ነጋዴ ኋላ ሲቆም የሚገጥመው ይኸው ነው።

ለችግሩ ስም ያወጡለት ጂም ጌቲስ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው። (ኢትዮጵያም የደረሱትን የ«ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ኮምፒዩተሮች ሶፍትዌር በኃላፊነት የመሩት እሳቸው ነበሩ።) እ.ኤ.አ. በ2010 ከቤታቸው ትላልቅ ፋይሎች በላኩ ቁጥር ኢንተርኔቱ ሲንገታገት ተመልክተው ምክንያቱን መረመሩ፤ ያገኙትንም «ባፈርብሎት» አሉት፤ ያበጠ ሰልፍ እንደማለት ነው። የማስታወሻ ቺፕ ዋጋ በመርከሱና አምራቾች መረጃ ከሚጠፋ ቢጠራቀም ይሻላል ብለው በማሰባቸው የሰልፉ ቦታ ከልክ በላይ ሰፍቶ ነበር።

መድኃኒቱ ብዙም አልቆየም። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ሰልፉን የሚቆጣጠር ዘዴ ይፋ አደረጉ። ቀጥሎም «ዶክሲስ 3.1» የተባለው የኬብል ደረጃ ሞደሞች መሰል ዘዴ እንዲኖራቸው ግዴታ አደረገ። ውጤቱን ያሳየ አጋጣሚ የተፈጠረው በ2020 ነው። ኮምካስት ለደንበኞቹ ካደላቸው ተመሳሳይ ሞደሞች አንደኛው ዓይነት ሰልፍ መቆጣጠሪያው ሲሠራለት ሌላኛው አልነበረውም። መውጫው በተጨናነቀ ጊዜ በመጀመሪያው የተለካው መዘግየት ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ በሁለተኛው 250 ገደማ ነበር። ለኢኮኖሚ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ንጽጽር ሎተሪ ነው።

ሞደም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በኢንቴል «ፑማ 6» ቺፕ የተሠሩ ሞደሞች፣ ያለ ምንም ጭነት እንኳ መዘግየታቸው ድንገት ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንደሚዘል በ2016 ታወቀ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው የአሪስ «ኤስ.ቢ. 6190» ምክንያት በ2017 በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ቀርቧል። ይህ ሞደም በካርቶኑ ላይ ከቀድሞው የበለጠ ፍጥነት የተጻፈበት ነበር። ያገለገለ ሞደም የሚገዛ ሰው ከሜጋቢቱ በፊት የቺፑን ስም ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ወደ ጋርላንዱ ቤት ስንመለስ፣ መፍትሔ የተጀመረው በኔትወርክ ሥራ ላይ ያለ የእህታቸው ልጅ ለእሑድ ምሳ በመጣ ጊዜ ነው። ልጁ የሚጫወትበትን ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ከዋይፋይ አላቅቆ በሽቦ ከራውተሩ ጋር አገናኘው። ከዚያ «ፒንግ» በተባለው ትእዛዝ ጊዜውን በየደረጃው ለካ፤ አንዴ እስከ ራውተሩ፣ አንዴ እስከ ሞደሙ (የብዙ ኬብል ሞደሞች አድራሻ 192.168.100.1 ነው)፣ አንዴ ከቤት ውጭ። ቁጥሩ ራውተሩ ጋ ከዘለለ ችግሩ የቤቱ ዋይፋይ ነው፤ ውጭ ብቻ ከዘለለ የመስመሩ ወይም የሰልፉ። በዋይፋይ ወደ ራውተሩ የሚወስደው ጊዜ ይዋዥቅ ነበር፤ በሽቦ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ወርዶ ረጋ። ሆኖም ከስልክ ቪዲዮ መላክ እንደተጀመረ የውጭው ቁጥር ከ30 ወደ 300 ተተኮሰ። ስለዚህ ሕመሙ ሁለት ነበር።

ለሁለተኛው የተደረገው ነገር ለገዢ ሰው ግራ ያጋባል። ራውተሩ «ኤስ.ኪው.ኤም.» የተባለ የሰልፍ መቆጣጠሪያ ስለነበረው፣ መውጫው ከሚችለው 90 በመቶ ያህል ብቻ እንዲልክ ተደረገ። አባትየው በገንዘባቸው የገዙት ሜጋቢት ለምን ይቀነሳል ብለው ተከራክረዋል። ነገር ግን ራውተሩ ከሞደሙ ትንሽ ዝግ ካለ ሰልፉ የሚፈጠረው ራውተሩ ውስጥ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ ሽሮ ለያዘው ቅድሚያ መስጠት ያውቃል። አሥር በመቶው ተሰጥቶ፣ ከ300 የነበረው ወደ 40 ወረደ።

የቀረው ኬብሉ ራሱ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መስመሩን ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ተገኘ። እንዲህ ያለው ዕቃ ለእያንዳንዱ መውጫ 3.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ማለትም ከግማሽ በላይ ኃይል ይወስዳል። የሞደሙ ገጽ ላይ ወደ ቤት የሚገባው ኃይል ከቀነስ 7 እስከ 7 መካከል መሆን ሲገባው ከዚያ ወርዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ኬብል መጠቀም ከተወ ቆይቷልና ማከፋፈያው ተነቀለ።

ደንበኛ በእጁ ሊያስተካክላቸው የማይችላቸውም አሉ። የኬብል መስመር ከጎረቤት ጋር የጋራ በመሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም በሚያይበት ሰዓት ይጨናነቃል። ርቀትም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ልጁ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ካለው የአጎቱ ልጅ ጋር ሲጫወት ደርሶ መልሱ ከ130 ሚሊ ሰከንድ ሊወርድ አይችልም። የትኛውም ጥቅል ይህን አይቀንስም።

ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የአሜሪካ ትላልቅ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ከዋጋና ከፍጥነት ጋር የተለመደውን መዘግየት በመለያ ወረቀት እንዲያሳዩ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ጅምሩ መልካም ቢሆንም፣ ልጁን የሚገድለው የተለመደው መዘግየት ሳይሆን ድንገተኛው ነው። ኮምካስትም በጥር 2025 መዘግየት የሚቀንስ አዲስ አሠራር በተወሰኑ ከተሞች መጀመሩን አስታውቋል፤ ሻጮቹ ራሳቸው ስለሚሊ ሰከንድ ማስተዋወቅ ጀምረዋል ማለት ነው።

የጋርላንዱ አባት ጥቅላቸውን ወደ መጀመሪያው አስወርደዋል። ላለፉት ሁለት ዓመታት በትርፍነት የከፈሉት እንዲታሰብላቸው ኩባንያውን ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ፣ የገዙት ሜጋቢት በትክክል ቀርቦላቸዋል የሚል ነው።